ስፖርት የማይወድ የስኳር ታማሚ ምን ይሥራ?

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ያነሳችው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር የ52 ዓመት እናት ናት። ዓይነት ሁለት ስኳር እንዳለባት ካወቀች ገና ዓመት አልሞላትም። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ትወስዳለች። ሐኪሙ ምግቧን እንድታስተካክልና ስፖርት እንድትሠራ ነግሮ ሸኝቷታል። እሷም በማለዳ እየተነሳች መራመድ ሞክራለች። ውሻ አስቸገራት። አቧራው አስቸገራት። ከሁሉም በላይ ግን ሰለቻት።

ስለዚህ የጠየቀችው ምን እንደሚጠቅም አይደለም። የሚጠቅመውንማ ያልነገራት ሰው የለም። መስማት የፈለገችው ስኳር ያለባቸው ሰዎች ወደውት የሚሠሩት እንቅስቃሴ ምን እንደሆነ ነው። ባይታዘዝላቸውም የሚሠሩት ነገር ካለ እሱን ንገሩኝ ነው ነገሩ።

ምላሹ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ከአቃቂ፣ ከጀሞ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ሁሉ። እኔ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው፤ እኔም ዓይነት ሁለት ስኳር አለብኝ። ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ከሥሩ የተጻፉትን ምላሾች፣ ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ብዙ ሰው ይጠቀምበታል ብዬ ስላሰብኩ በራሴ ቃል ልተርከው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ መላሾች ጥያቄውን እንደ ቅንጦት አይተውታል። ለእኔ ግን ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። ምክንያቱ ሰውነታችን ውስጥ አለ። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፤ ለዚያ ኢንሱሊን፣ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ሆርሞን፣ እስኪያዘው አይጠብቅም። ሥራው ካበቃ በኋላም ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ተሻሽሎ ይቆያል። የሚቆየው ግን አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ቀን ነው። ባለሙያዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ሲመክሩ፣ በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ እንዳይዘለል የሚያሳስቡት ለዚህ ነው። ያለፈው ወር ሩጫ ለዛሬ ስኳር አይደርስም። የሚያዋጣው ሰው ደጋግሞ የሚመለስበት ነገር ነው። ሰው ደግሞ የሚመለሰው ወደሚወደው ነው።

ምላሽ 1 የአንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አቃቂ ነው የሚኖሩት። በትሕትና ነው የጻፉት። ማለዳ መነሳቱን ትታ ከምግብ በኋላ ብትራመድ እንደሚሻል መከሯት። እሳቸው ራት ከበሉ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል በሰፈራቸው ይዞራሉ። ምግብ ከተበላ በኋላ ስኳር ወደ ላይ ይወጣል፤ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ጫፍ ይደርሳል። እግር በዚያው ጊዜ ከተንቀሳቀሰ ጫፉ ዝቅ ይላል። ይህን በመለኪያቸው አይተውታል። የሚያስወጣቸው ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። የሚዞሩት ከባለቤታቸው ጋር ነው። ዕድሜያቸውን መንገድ ላይ ስላሳለፉ ቁጭ ብለው ያላወሩትን አሁን እየዞሩ ያወሩታል። እኔ ከክሩ ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህን ነው።

ምላሽ 2 ምርቃት ብቻ ነው። አሜን ብለን እንለፍ።

ምላሽ 3 የጀሞ ልጅ ናት። ስኳር ያለባቸው እናቷ ናቸው። አባባን አክብራ፣ ግን አረመቻቸው። ለወንድ ካልሆነ በስተቀር ከራት በኋላ መውጣት ከተማ ዳር ለሚኖር ሰው አይሆንም ባይ ናት። መብራት የሌለው መንገድ ብዙ ነው። ውሻው በመንጋ ነው የሚሄደው። አንዳንድ ሰፈር ጅብም ይገባል። እናቷ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ስለዚህ እናትዬው ከምሳ በኋላ ደረጃውን ቀስ ብለው ወርደው ይወጣሉ። በየፎቁ ሰላም የሚሏቸው ጎረቤት አለ። ደረጃው ከሚወስደው ጊዜ ሰላምታው የሚወስደው ይበልጣል። ልጅቷ እንደምትለው እናቷ የሚናፍቃቸው ደረጃው ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። በዚህ ሰበብ ግን ደረጃው ይወጣል።

ምላሽ 4 ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። ደረጃ መውረድ ጉልበት ላይ ከመውጣቱ የበለጠ እንደሚከብድ አስታወሱ፤ እውነት ነው። እሳቸው ያገኙት ዘዴ ቤት ውስጥ ነው። ዜና ሲሰሙ ከወንበር በእጃቸው ሳይደገፉ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ። ሲጀምሩ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር የሚችሉት። አሁን አንድ ዜና እስኪያልቅ ሳያቆሙ ይሠራሉ። የጭን ጡንቻ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ስኳር ይወስዳል። መራመድ ለማይችል ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ተከባብሮ ነበር። ምላሽ 5 መጣና ቃናው ተቀየረ። ጸሐፊው ጂም የሚሠራ ጎልማሳ ነው። አባቱ በስኳር እንደታመመ ይናገራል። ውሻ፣ አቧራ፣ ጉልበት የሚባለው ሁሉ ሰበብ ነው ብሎ ደመደመ። መድኃኒት የሚዋጠው ስለሚጣፍጥ አይደለምና ስፖርትም ደስታ አያስፈልገውም ባይ ነው። ብዙ ሰው ተናደደበት። አንዷ በቁጣ ስትመልስለት፣ ሌላው ደግሞ ልክ ነው አለ። ምላሽ 6 እና 7 በዚህ አለቁ።

ለእኔ የዚህ ሰው ንግግር አንድ ቀዳዳ አለው። ክኒን ለመዋጥ አንድ ጉንጭ ውሃ ይበቃል። እንቅስቃሴ ግን ዕድሜ ልክ፣ በየሳምንቱ ብዙ ሰዓት ይጠይቃል። ያን ያህል ጊዜ በጥላቻ የሚሠራ ሰው አላየሁም።

ምላሽ 8 የነርስ ነው። ሰበታ አካባቢ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ክርክሩ ውስጥ አልገባችም። ማንም ሰው ምን ላድርግ ከማለቱ በፊት የምወስደው መድኃኒት ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅ አለች። እኔ ይህን ምላሽ አንብቤ ስጨርስ ሰው ሁሉ ቢያነበው ብዬ ተመኘሁ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው በእንቅስቃሴ ምክንያት ስኳሩ አደገኛ እስኪሆን መውረዱ ብርቅ ነው። ጠያቂዋ እዚህ ውስጥ ናት፤ ስለዚህ በዚህ በኩል ብዙ አትፍራ። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ሌላ የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሰውዬው በላም አልበላ ስኳር ያወርዳሉ። እንቅስቃሴ ሲጨመርበት የበለጠ ይወርዳል። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ስኳር ወርዷል ይባላል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ረሃብ ይሞረሙራል፣ ንግግር ይዛባል። አንዳንዱ ሰው ይነጫነጫል፤ ሰካራም የሚመስለውም አለ።

ያን ጊዜ ወዲያው 15 ግራም ስኳር መውሰድ ነው። ሦስት፣ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት ይበቃል። ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ። ስኳር የሌለው ለስላሳ ግን አይሠራም። 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፤ ካልተነሳ መድገም። ከተስተካከለ በኋላ ምግብ መብላት። ሰውዬው ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ያንቀዋል። ፈጥኖ ሐኪም ቤት ማድረስ ብቻ ነው። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ከመጀመሩ በፊት ቢለካና ከ90 በታች ከሆነ ቀድሞ ትንሽ ነገር ቢቀምስ ጥሩ ነው። ከባድ እንቅስቃሴ ከሠራ ደግሞ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ፣ ማታ ተኝቶም ሊወርድ ይችላል። ነርሷ ከሁሉም በላይ የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ ኪስ ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር ሳይዙ ከቤት አለመውጣት።

ምላሽ 9 የነርሷን ቃል በራሱ ላይ በደረሰ ነገር አጸናው። ገላን አካባቢ የሚኖር መምህር ነው። እሁድ እሁድ ከጤና ቡድን ጋር ኳስ ይጫወታል። ለማያውቁት፣ የጤና ቡድን ማለት ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ለጤናቸው ብለው የሚጫወቱበት የሰፈር ቡድን ነው። አንድ እሁድ ግሊቤንክላማይዱን ውጦ፣ ቁርስ ሳይበላ ሜዳ ገባ። አጋማሽ ላይ ኳሱን ትቶ መሐል ሜዳ ቆመ። ጓደኞቹ ፀሐይ መታው ብለው ውሃ አፈሰሱበት። እሱ ይሰድባቸዋል። እናቱ ስኳር ያለባቸው አንድ በረኛ ነገሩ ገባው። ሮጦ ከሱቅ ለስላሳ አምጥቶ አጠጣው። መምህሩ ራሱን አልሳተም ነበርና ተረፈ። አሁን የቡድኑ ቦርሳ ውስጥ ከኳስ ማንፊያው አጠገብ ስኳር አለ። ቡድኑም ሁሉ ምልክቱን ያውቃል።

ይህ ሁሉ ደርሶበት ኳሱን አልተወም። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ መድኃኒቱ የሚወሰድበት ሰዓት ተስተካከለለት። ለምን አልተውክም ተብሎ ሲጠየቅ በምላሽ 12 ላይ የመለሰው ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው ከጨዋታው በኋላ ያለውን ሻይና ሳቅ መሆኑን ነው። ሐኪም ስፖርት ሥራ ባለው ጊዜ ያልሠራ ሰው፣ ጓደኞቹ የት ቀረህ ስለሚሉት ብቻ ዝናብ እየዘነበ ይወጣል። ይህን ያነበበ ሰው ምላሽ 5ን እንዴት እንደሚቀበል አላውቅም።

ምላሽ 10 እና 11 ስለ ስትሪፕ፣ ማለትም መለኪያው ላይ ስለሚሰካው የደም መመርመሪያ ወረቀት፣ ዋጋ ናቸው። መለኪያው በስጦታ ይገኛል፤ ስትሪፑ ግን ያልቃል፣ ይወደዳል። ማነው በርካሽ የሚሸጠው የሚለው ጥያቄ ወደ ውሃ መጥፋት፣ ከውሃው ወደ ኮሚቴ ሄደ። ስድስት ሰባት ምላሽ በዚህ አለፈ። ከመሐሉ አንድ ጠቃሚ ነገር ግን አገኘሁ። ስትሪፕ ለማብቃቃት አንዱ ሰው በየቀኑ በጾም ከመለካት ይልቅ፣ አንዳንድ ቀን ከእንቅስቃሴ በፊትና በኋላ ይለካል። የትኛው እንቅስቃሴ ለእሱ እንደሚሠራ የለየው እንዲህ ነው። ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ግን ይህ ቁጠባ እንደማይመከር ነርሷ በአንድ መስመር አስጠንቅቃለች።

ወደ ጉዳዩ የመለሰችን ምላሽ 18 ናት። ለገጣፎ የምትኖር የሦስት ልጆች እናት። እሷ የምትሠራው ስፖርት ጭፈራ ነው። ማታ ልጆቿ የቤት ሥራ ሲጨርሱ ሳሎኑ ይጠረጋል፣ ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ይጠጋል፣ ሙዚቃ ይከፈታል። በእስክስታ ይጀምራሉ። እስክስታ ትከሻ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ለሩብ ሰዓት ይሞክረው አለች፤ ጉልበቱም ወገቡም ይሠራል። ከዚያ የኦሮሞ ረገዳ ይከተላል። መጨረሻ ላይ የጉራጌ ጭፈራ ይመጣል። እዚያ ላይ ሁሉም ላብ በላብ ይሆናል። ትንሿ ልጅ ዳኛ ናት፤ የደከመውን ታስወጣለች።

ይህች እናት ጭፈራውን ስትጀምር ሐኪም አላዘዛትም። የእህቷ ልጅ ሠርግ ደርሶ ነበር፤ እንዳታፍር ብላ ተለማመደች። ሠርጉ አለፈ፣ ልምምዱ ግን ቀጠለ። አንድ ማታ ከመጀመሯ በፊት ስትለካ ወደ 190 ነበር፤ ስትጨርስ 150 አካባቢ ሆነ። ሰው ሁሉ ይህን ያህል ይወርድለታል ማለት አይደለም፤ እሷም አላለችም። ነርሷ ተመልሳ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚባለውን መለያ ነገረችን። እየሠራን ማውራት ከቻልን፣ መዝፈን ግን ካቃተን፣ ልኩ ያ ነው። ለገጣፎዎች ታዲያ በእስክስታው ልክ ላይ ናቸው፤ በጉራጌው ያልፉታል።

ሰዉ ደስ ብሎት ማን ምን ዘፈን እንደሚወድ ሲጽፍ ምላሽ 20 መጣ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ምን ልታደርጉ ነው ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ቅን ነበር። 55 ቀን ቀላል አይደለም፤ ከሁለት ቀን በላይ አትዝለል ለተባለ ሰው ደግሞ በጣም ረጅም ነው። ምላሽ 21 ከበሮና ሽብሸባ ያለው መዝሙር አለ አለች። አክላም ስግደትም ለሰውነት ከማንኛውም ስፖርት አይተናነስም አለች። ምላሽ 22 በዚህ ተቆጣ። ስግደት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ አምልኮ ነው፣ ለስኳር ማውረጃ አይቆጠርም ብሎ ከበድ ያለ ቃል ተናገረ። ምላሽ 23 የጻፉት የፉሪ ሙስሊም አባት ናቸው። ቃላቸው ለስላሳ ነበር። ሶላትን እንደ ስፖርት እንደማይቆጥሩት፣ ወደ መስጊድ የሚሄዱበትን መንገድ ግን በእግር ማድረጋቸውን ጻፉ። ዱሮ በባጃጅ ነበር የሚሄዱት።

እኔ ከእኚህ አባት ጋር ነኝ። አምልኮውን ለአምልኮ መተው፣ መንገዱን ግን በእግር መሄድ። የሰገደ ሰው ጉልበት እንደሚጠነክር የሚክድ የለም፤ ቆጥሮ መመዝገቡ ግን ቅር የሚያሰኘውን ሰው ስሜት ማክበር ይገባል።

ነርሷ ስለ ጾም የተናገረችው ሊዘለል አይገባም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም፣ ወይም በረመዳን እስከ ማታ የሚቆይ ሰው ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር። መጠኑና ሰዓቱ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ከባድ እንቅስቃሴ ጾሙ ሊፈታ ሲል አይሠራም፤ ያን ጊዜ ነው ስኳር የሚወርደው። ከተፈታ በኋላ ይሻላል። ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ጾሙ ይፈታል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም አለች።

ከዚህ በኋላ እንጀራ ተነሳ። ቀይ ጤፍ ነው ነጭ ጤፍ፣ ገብስ የተቀላቀለበት ነው ያልተቀላቀለበት። ተሰዳደቡም። ዝርዝሩን አልተርክም። ስንት እንጀራ በላን የሚለው ጥያቄ ከቀለሙ በፊት እንደሚመጣ አንድ ሰው ጽፎ ነበር፤ ማንም አልሰማውም።

ምላሽ 26 ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሰውዬው ሽፈራው ቅጠል እየጠጣና በእግሩ እየሄደ ከስኳር ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ አለ። መድኃኒቱን ጥዬዋለሁ፣ እናንተም ጣሉት አለ። ምላሽ 27 በክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ የመረረ ነው። ጸሐፊዋ ቡራዩ ትኖራለች። ወንድሟ ልክ እንዲሁ ተመክሮ ክኒኑን አቆመ። ለወራት ደህና ነኝ ሲል ቆየ። በመጨረሻ የእግር ጣቱ ላይ ያልታወቀ ቁስል ወጣ፣ አልድን አለ፣ እግሩ ተቆረጠ። ለምላሽ 26 የጻፈችው እንዲህ ያለውን ምክር ለሰው ከመስጠቱ በፊት የወንድሟን ክራንች መጥቶ እንዲያይ ነው። ማንም ተው አላላትም። እኔም አልልም።

ነርሷ ግን ሁለቱንም አስታረቀች ማለት ይቻላል። አንዳንድ ሰው በተለይ ብዙ ክብደት ሲቀንስ፣ ያለ መድኃኒት ስኳሩ ተስተካክሎ ሊቆይ እንደሚችል አልካደችም። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤ ዋን ሲ የሚባለው ምርመራ፣ መድኃኒት ከቆመ ቢያንስ ሦስት ወር በኋላ ከ6.5 በመቶ በታች ከሆነ፣ ሐኪሞች በሽታው ጋብ ብሏል ይላሉ። ጋብ ማለቱ መዳን አይደለም፤ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው አይቋረጥም፤ ዓይንም፣ ኩላሊትም፣ እግርም ይታያል። መድኃኒት የሚቀነሰውና የሚቆመውም ከሐኪም ጋር እንጂ ከመድረክ ላይ ተነቦ አይደለም። ተስፋውን ሳትቀማ አደጋውን ነገረችን። ይህን ያህል ጊዜዋን ስለሰጠችን አመሰግናታለሁ።

ስለ እግር የተነሳው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጫማ ሰፊ በምላሽ 29 ገባ፤ ስኳር የለበትም፣ ደንበኞቹ ግን አለባቸው። ከጫማ ውስጥ ምስማር፣ ጠጠር፣ አንዴም የተሰበረ መርፌ አውጥቷል፤ ባለቤቱ አልተሰማውም ነበር። እግሩ የደነዘዘ ሰው ጫማ ከማጥለቁ በፊት እጁን ከቶ ይዳብስ ብሏል። አዲስ ጫማ ከሰዓት በኋላ ይገዛ፤ ያን ጊዜ እግር አበጥ ስለሚል ልኩ ይታወቃል። በክረምት ጭቃ ኮንጎ ጫማ ያለ ካልሲ መልበስ ቆዳ ይልጣል። ነርሷ ሁለት ነገር ጨመረች። ማታ ማታ በጣቶች መሐል ማየት፣ እግርንም በጣም ሙቅ ውሃ ውስጥ አለመዘፍዘፍ። ደክሞት የገባ ሰው እግሩን በሙቅ ውሃ መንከር ይወዳል፤ የደነዘዘ እግር ግን ሲቃጠል አይናገርም።

ከሱሉልታ የመጣው ምላሽ 31 አጭር ነው፣ ግን ለጠያቂዋ ችግር ቀጥተኛ መልስ ነበረው። እዚያ ማለዳ ማለዳ ሯጮች ሜዳውን ይሞሉታል። ቱታ ለብሳ የምትራመድ እናት ማንም ወዴት ነው ብሎ አያያትም። ብርዱ ይከብዳል፣ ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ስለዚህ ቀስ ትላለች። ሯጮቹ ሲያልፏት አይዟችሁ ትላቸዋለች። እነሱም መልሰው አይዞሽ ይሏታል።

ምላሽ 5 የነበረው ሰውዬ ተመልሶ መጣ። ሐሳቡን አልቀየረም። ነገር ግን ጥሩ ነገር ይዞ ነው የመጣው። ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ሁለት ቀን እንደሚያስፈልግ፣ ለዚህም ጂም እንደማያስፈልግ ጻፈ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 5 ኪሎ ገደማ ነው። ለጀማሪ ግማሹን ብቻ ይሙሉ። ነርሷ በዚህ ተስማማች፤ ዓይኑን ሳይመረመር ከባድ ነገር የሚያነሳ ሰው ግን እንዳይኖር አለች። ስኳር በዓይን ውስጥ ያሉትን ደም ሥሮች ጎድቷቸው ከሆነ ከባድ ነገር ለማንሳት ማማጥ ዓይን ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ላይ ሲነጋገሩ ምንም መጣላት አልነበረም።

በመጨረሻ ጠያቂዋ ብቅ አለች። ሁሉንም አንብባለች። የመረጠችው ጭፈራውን ነው። ብቻዋን ግን አትፈልግም፤ ኮዬ ፈጬ ያለ ሰው ካለ አብሯት እንዲሠራ ጠየቀች። ከአጠገቧ ሕንፃ ሦስት ሴቶች ወዲያው መለሱ። አንዷን ለዓመታት በደረጃ ላይ ሰላም ትላት ነበር፤ ስኳር እንዳለባት አታውቅም። ሳሎን ውስጥ ቢሆን ከታች ያለው ጎረቤት ይረበሻል ተባለ። የኮሚናሉ አዳራሽ ተነሳ። ቁልፉ ኮሚቴው ጋ ነው። አንድ የኮሚቴ አባል ክሩ ውስጥ ነበር፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ከተጠናቀቀ ችግር የለም አለ።

ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተባለ። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ሁለት ቀን ክፍት እንደሚሆን አንዷ ቆጠረች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን በእግር መሄድ መፍትሔ ሆነ። ጾም ሲገባ ዘፈኑ በመዝሙር ይተካል፤ ሰዓቱም በዚያው ይቀጥላል። ነርሷ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የምትወስድ ሴት ካለች ለሌሎቹ ቀድማ እንድትናገር፣ አዳራሹ ውስጥም ስኳርና ውሃ እንዲቀመጥ አሳስባለች። ወንድ ይፈቀዳል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ አባወራም ይፈቀዳል ተብሏል።

የመጨረሻው ምላሽ የጀሞዋ ልጅ ናት። እናቷ አንዴ ቅዳሜ ሄደው ማየት ፈልገዋል። ከጀሞ ኮዬ ፈጬ ለመሄድ የቱ ታክሲ እንደሚሻል ጠይቃለች። ይህን እስከጻፍኩበት ድረስ የመለሰላት የለም፤ የምታውቁ ንገሯት።